የሚበላሹት ቅርጫቶች

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰው ጋብዤ ቢሆን ኖሮ የማወራውን ነገር በይሉኝታ ሸፋፍኜ አልፈው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እየጠፋ ያለውን የቀርከሃ ቅርጫት ሥራ በዘመናዊ ዲዛይን ለማነቃቃት በተያዘ ፕሮጀክት ዲዛይነር ሆኜ ሠርቼ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ጥግ ጥጉ ቀጥ ያለ፣ ሣጥን የመሰለ ቅርጫት ነደፍኩና ለባለሙያው ወሰድኩላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት፤ ምንም አላሉም። ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈው የቀርከሃ ስንጥቅ አንዱን አወጡና በአውራ ጣታቸው እየገፉ ቀስ ብለው አጎበጡት። ገና ሳይሰበር ቀጭን ድምፅ አሰማ።

«ሰማሽው ልጄ? ከዚህ በላይ አልታጠፍም እያለ ነው» አሉኝ።

ጥጉን አለዘብኩት። ቅርጫቱም አማረ። 12 ናሙና ተሠራ፣ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ፣ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ ገንዘቡም አለቀ። በኋላ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሳየው ለእኔ የተከፈለኝ ለአንድ ዓመት ነው፤ ለእሳቸው የተከፈላቸው ለ12 ቅርጫት። ሌላ ትዕዛዝ አልመጣም። አጠገባቸው ሆኖ ይለማመድ የነበረው የወንድማቸው ልጅ የጥበቃ ሥራ አገኘና ሄደ። ምን ብዬ እፈርድበታለሁ? በየወሩ ደመወዝ አለው።

ዲዛይን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ቀራፂው ኢሳሙ ኖጉቺ በጃፓኗ ጊፉ ከተማ ሲያልፍ፣ ከንቲባው የተዳከመውን የወረቀት ፋኖስ ሥራ እንዲያግዝ ጠየቁት። እሱም የኤሌክትሪክ አምፖል የሚገባበት ፋኖስ ነድፎ «አካሪ» አለው። አካሪ ዛሬም እዚያው ጊፉ ውስጥ በእጅ ይሠራል። ሰዎች ስለ ቅርጹ ውበት ያወራሉ፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። ኖጉቺ የአሠራሩን መንገድ አልነካውም። ቀጭኑ ቀርከሃ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራው ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ሲደርቅ የውስጡ እንጨት ተፈታትቶ ይወጣል። የተለወጠው ፋኖሱ የሚገባበት ቤት ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ነድፎ አልተሰናበተም፤ ለአሥርት ዓመታት እየተመላለሰ ከ100 በላይ ዓይነት ጨመረበት። እኔ የተመላለስኩት ሦስት ጊዜ ነው። ሦስተኛውም ለፎቶግራፉ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ሳስብ ግን ከጊፉ ይልቅ ኢሴ ይመጣብኛል። በዚያው በጃፓን ያለው የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የቅርቡ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከሕንፃው ጋር ልብሱ፣ ሰይፉ፣ ሌላውም ንዋየ ቅድሳት፣ ከ1,500 በላይ ዕቃ፣ በባለሙያ እጅ እንደገና ይሠራል። 20 ዓመት ማለት በመጀመሪያው ያቀበለ ልጅ በሁለተኛው ራሱ ይሠራል፣ በሦስተኛው ያስተምራል ማለት ነው። ይህንን የባህል ድጋፍ ብሎ የሚጠራው የለም። ትዕዛዝ ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ትዕዛዝ። የእኛ ፕሮጀክቶች ደግሞ ቀኑ የታወቀላቸው የምረቃው ዕለት ብቻ ነው።

እዚያው አገር «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ለሚባሉት ባለሙያዎች መንግሥት በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል። ሀብታም የሚያደርግ ገንዘብ አይደለም። ግን የሚሰጠው ለዕቃው ሳይሆን ሙያውን እንዲያጠሩና ተተኪ እንዲያፈሩ ነው። ያንን ድምፅ መስማት የሚማር ጆሮ በ12 ናሙና አይገኝም። ብዙ ቀርከሃ ሰብሮ ነው የሚገኘው፤ ለሚሰበረው ቀርከሃ ደግሞ አንድ ሰው መክፈል አለበት።

ሰሞኑን ለሌላ ለጋሽ አዲስ የፕሮጀክት ሐሳብ እየጻፍኩ ነው። ሽማግሌው አሉ፤ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ለአንድ ተለማማጅ የሦስት ዓመት ደመወዝ አድርጌዋለሁ። የእኔን ክፍያ ወደ ታች አወረድኩት፤ እውነቱን ለመናገር እያመመኝ። «በመጀመሪያው ዓመት የሚጠበቅ ውጤት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «200 የተበላሹ ቅርጫቶች» ብዬ ጻፍኩ።

ከለጋሹ ቢሮ አንድ ልጅ ደወለልኝ። በጣም ትሑት ነው። «ይቅርታ፣ የጽሕፈት ስሕተት ይሆን?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ምናልባት ቁጥሩን አሳንሼው ይሆናል።