ባለቤቱ የትኛው ሰርቨር ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች፤

የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ለሰርቨሮች ከሚያከፋፍል ከአንድ ሎድ ባላንሰር ጀርባ ሦስት ዌብ ሰርቨሮች አሉ እንበል። ተጠቃሚው አንደኛው ላይ የጫነው ፎቶ ሌሎቹ ላይ ካልደረሰ፣ ገጹን ሲያድስ አንዴ ይታየዋል፣ አንዴ ይጠፋበታል። ብዙዎቻችን ለዚህ የምንጠቀመው አርሲንክን ነው፤ አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማኬራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡትን፣ ፋይሎችን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው እየቀዳ የሚያመሳስል ፕሮግራም።

ትእዛዙን ከመጻፋችን በፊት ግን የፋይሉ ባለቤት፣ ማለትም ዋናው ቅጂ ያለበት፣ የትኛው ሰርቨር እንደሆነ እንወስን። አርሲንክ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ደግሞ በተቃራኒው እያፈራረቅን ብናስኬደው፣ እዚህ የሰረዝነው ፋይል ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፤ የመሰረዣውን አማራጭ ካበራን ደግሞ አሁን የተጫነው ፎቶ ይደመሰሳል። ስለዚህ የሚጫነው ሁሉ ወደ አንድ ሰርቨር ይግባ፣ ሌሎቹ ይቀበሉ። የግድ በሁለቱም አቅጣጫ ከሆነ፣ የቀድሞውን ሁኔታ መዝግቦ የሚይዘውን ዩኒሰን የተባለ የማመሳሰያ ፕሮግራም ተጠቀሙ። አንድ ፋይል በሁለቱም በኩል ከተለወጠ ግን እሱም ውሳኔውን ለሰው ይተወዋል።

አርሲንክ መጀመሪያ የሚያየው የፋይሉን መጠንና የተለወጠበትን ሰዓት ነው። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ያልፈዋል። የአርካይቭ አማራጩን ከረሳችሁ ሰዓቱ አብሮ ስለማይተላለፍ፣ ያልተነካውም ፋይል በየጊዜው እንደ አዲስ ይፈተሻል። ከምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ያለችው እዝባርም (/) ቀላል አይደለችም፦ ካለች የፎልደሩ ይዘት ይሄዳል፤ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ሄዶ በተቀባዩ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ባዶ ምንጭ ነው። አንዳንዴ ሰርቨሩ ዳግም ሲነሳ የዳታ ዲስኩ ማውንት ሳይሆን፣ ማለትም ከፎልደሩ ጋር ሳይያያዝ፣ ይቀራል። ቦታው ላይ የሚታየው ባዶ ፎልደር ነው። አርሲንክ ለማንበብ ሲሞክር ስህተት ቢያጋጥመው መሰረዙን ይተወው ነበር፤ ባዶ ፎልደር ግን ስህተት አይደለም። ስለዚህ የመሰረዣው አማራጭ በርቶ ከሆነ በተቀባዮቹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥርቶ ያጠፋዋል። መከላከያው ቀላል ነው። ዲስኩ ውስጥ አንዲት ምልክት ፋይል አስቀምጡ፤ ስክሪፕቱ እሷን ካላገኘ ሥራውን አይጀምር። የሚሰረዙትን ብዛት የሚገድበውን አማራጭም ጨምሩ፤ ለምሳሌ 200። ከዚያ ካለፈ መሰረዙን ያቆምና ሥራውን ሲጨርስ በመውጫ ኮድ 25 ይወጣል። ይህን ኮድ የሚያይ ማንቂያ ይኑራችሁ። አዲስ ትእዛዝ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ በሙከራ ሁነታ ይሂድ፤ ምን እንደሚሰርዝ ሳይሰርዝ ይዘረዝርላችኋል።

ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው በክሮን በየ5 ደቂቃው የምታስኬዱ ከሆነ ሥራው 7 ደቂቃ የሚፈጅበት ቀን ይመጣል፤ ሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው ላይ እንዳይደረብ ፍሎክ በተባለው የመቆለፊያ ትእዛዝ ቆልፉት።

ለውጡ ፈጥኖ እንዲደርስ ከተፈለገ ኤልሲንክዲ የተባለ ፕሮግራም አለ። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው፣ የፋይል ለውጥን የሚያሳውቀው አይኖቲፋይ ለውጥ ሲነግረው ጥቂት ሰከንድ አጠራቅሞ አርሲንክን ይጠራል። አይኖቲፋይ ለእያንዳንዱ ፎልደር አንድ ጠባቂ ይፈልጋል፤ በቆዩ ከርነሎች ጣሪያው 8192 ስለሆነ፣ ንዑስ ፎልደሮቻችሁ ከዚያ ከበለጡ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ። ፎልደርን በኔትወርክ በሚያጋራው በኤንኤፍኤስ በኩል ሌላ ማሽን ያደረገውን ለውጥ ደግሞ ጨርሶ አያየውም።

በሥራ ላይ ያለ ዳታቤዝ ፋይሎችን በዚህ መንገድ አታመሳስሉ፤ ግማሹ የድሮ፣ ግማሹ የአሁን የሆነ ቅጂ ይደርሳችኋል። ለእሱ የዳታቤዙን የራሱን ሬፕሊኬሽን (የማባዣ ዘዴ) ተጠቀሙ። ባክአፕም ለብቻው፣ ቀን እየያዘ ይቀመጥ፤ ባለቤቱ ሰርቨር ላይ በስህተት የተበላሸ ፋይል በደቂቃዎች ውስጥ ሦስቱም ላይ የተበላሸ ይሆናልና።