«ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው» ይባላል፤ እውነት ነው?

ሳምራዊት፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው ስለ ፍራሽ ነው። «ወገቤን ያመኛል፣ ምን ዓይነት ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል።

ዮናስ፦ መልሱን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። «ጠንካራ ግዛ!» አንዳንዱማ «መሬት ላይ ተኛ» ይላል።

ሳምራዊት፦ እማዬም እንደዚያ ነው የምትለው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ይህንኑ ሲመክሩ ኖረዋል።

ዮናስ፦ አዎ፣ ግን ተፈትሿል። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ የስፔን ጥናት አውጥቶ ነበር። ወገባቸውን ለረጅም ጊዜ የሚያማቸው 313 ሰዎች ተሳትፈዋል። ገሚሶቹ ጠንካራ ፍራሽ ተሰጣቸው፣ ገሚሶቹ መካከለኛ። የትኛው እንደደረሳቸው አልተነገራቸውም። ከ90 ቀን በኋላ አልጋ ላይ የሚሰማቸው ሕመምም፣ በቀን ሥራቸው የሚቸገሩት ነገርም ይበልጥ የቀነሰላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው።

ሳምራዊት፦ ምክንያቱን እንንገራቸው፤ አለበለዚያ ማንም አያምነንም።

ዮናስ፦ በጎንሽ ስትተኚ ክብደትሽን የሚሸከሙት ትከሻሽና ዳሌሽ ናቸው። ፍራሹ ትንሽ ካልሰረጎደላቸው እዚያው ይጫናሉ፣ ክንድሽም ይደነዝዛል። ወገብሽ ደግሞ ሥሩ ባዶ ሆኖ ደጋፊ ያጣል። በጣም ለስላሳ ከሆነ በተቃራኒው ዳሌሽ ይሰምጥና አከርካሪሽ ይጎብጣል። ስለዚህ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ፍራሽ የለም። ቀጭኗን ልጅ የሚቆረቁራት ፍራሽ ከባድ ሰው ሲተኛበት ሊለሰልስ ይችላል።

ሳምራዊት፦ እሺ፣ ሱቅ ገባሁ እንበል። መርካቶ ፍራሾቹ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ቆመዋል። ሻጩ በቡጢ ይጫነውና «እይ ጥንካሬውን!» ይለኛል።

ዮናስ፦ ቡጢ ስለ ወገብሽ ምንም አይነግርሽም። አስተኝተው ያሳዩሽ፣ አንቺም ተኚበት።

ሳምራዊት፦ በሰው ፊት?

ዮናስ፦ በሰው ፊት! ይሉኝታ ይዟችሁ ለዓመታት ወገባችሁን አትቅጡት። ጫማችሁን አውልቁና ቤታችሁ በምትተኙበት ሁኔታ አሥር ደቂቃ ያህል ተኙ። በጎን የሚተኛ ሰው ከሆነ አብሮት የመጣው ከጀርባው ቆሞ ይየው። አከርካሪው ከአንገት እስከ ዳሌ ቀጥ ማለት አለበት። በጀርባ የሚተኛ ደግሞ እጁን ከወገቡ ሥር ያስገባ። እጁ በሰፊው ከተመላለሰ ፍራሹ ጠንክሯል። ጨርሶ አልገባ ካለ ለስልሷል። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱም መሄድ አለባቸው።

ሳምራዊት፦ አሁን ወደ ዴንሲቲ ግባልኝ። ሰው በጣም የሚምታታው እዚህ ላይ ነው።

ዮናስ፦ ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ጥንካሬ ሌላ ነገር ነው። ዴንሲቲው ዝቅ ያለ ስፖንጅ በፋብሪካ ጠንካራ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ሲገዙት ቀጥ ያለ ነው፣ ሳይቆይ ግን መሃሉ ይጎደጉዳል። ዴንሲቲ የሚነግረን ፍራሹ ምን ያህል እንደሚቆይልን ነው።

ሳምራዊት፦ ሻጩ «30 ነው» ቢለኝ በምን አረጋግጣለሁ?

ዮናስ፦ በሚዛን! ሜትር ከሃያ ፍራሽ ውሰጂ። ርዝመቱ 1.90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲም ይሁን። 1.20 በ1.90 በ0.20 ስታባዢ 0.456 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይህን በ30 ስታባዢ 13.7 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዴንሲቲው 16 ቢሆን ግን ያው ፍራሽ 7.3 ኪሎ ብቻ ነው የሚመዝነው። ልዩነቱ ስታነሺው ራሱ ይታወቅሻል።

ሳምራዊት፦ ይህን ጻፉት፣ አድማጮች። ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ዮናስ፦ አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ፣ በማጣበቂያ ተጨምቆ የሚሠራም አለ። እሱም ከባድ ነው፣ ግን ድርቅ ይላል። ሽፋኑ ዚፕ ካለው ከፍታችሁ እዩ። ቀለሙ የተዘበራረቀ ከሆነ እሱ ነው። ብቻውን ሳይሆን ከላዩ ለስለስ ያለ ስፖንጅ ሲደረብበት ጥሩ ይሆናል። «ሜዲካል» የሚለው ጽሑፍ ግን ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ሳምራዊት፦ ሜሞሪ ፎምስ? ከውጭ የሚመጡ ሰዎች በጣም ያወድሱታል።

ዮናስ፦ በ1966 እ.ኤ.አ. ለናሳ ተብሎ የተፈለሰፈ የስፖንጅ ዓይነት ነው፣ ለአውሮፕላን መቀመጫ። በሰውነት ሙቀት ይለሰልስና ቅርጽሽን ይይዛል። ትከሻውን ለሚያመው ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን ሙቀት ያፍናል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ሰው አልመርጥለትም።

ሳምራዊት፦ እኔ ለሙቀት አገር የጥጥ ፍራሽ ነው የምለው። አየር ያሳልፋል። ሲጠቀጠቅም ጥጡን አውጥቶ ማስነደፍና መልሶ መሙላት ይቻላል። ስፖንጅ ከጎደጎደ ግን አለቀ። የጥጥ ፍራሽ ጊዜው ያለፈበት ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል።

ዮናስ፦ ትክክል ነሽ፤ ፀሐይ ላይ ለማውጣት ጉልበት ላለው ቤት።

ሳምራዊት፦ ገንዘብ ያነሰውስ? ተከራይቶ የሚኖር፣ ተማሪ?

ዮናስ፦ ከውፍረቱ ይቀንስ፣ ከዴንሲቲው አይቀንስ። ዴንሲቲው ጥሩ የሆነ 15 ሳንቲም ፍራሽ ከ25 ሳንቲሙ ልል ፍራሽ ይሻላል። ከሥሩ ያለውንም ይፈትሽ። የሽቦው አልጋ ከረገበ ወይም የጣውላው ርብራብ ከተራራቀ ጥሩ ፍራሽም ይበላሻል። ሲሚንቶ ላይ የሚያነጥፍ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንስቶ ያቁመው። ላቡና እርጥበቱ ከሥር ይታፈንና ይሻግታል።

ሳምራዊት፦ ያገለገለ ፍራሽ?

ዮናስ፦ ትኋን! ስፌቱን ጥርት አድርጋችሁ ሳታዩ ቤት አታስገቡ።

ሳምራዊት፦ ሕመሙ ወደ እግር ከወረደ ወይም እግር ከደነዘዘ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ፍራሽ በመቀየር ጊዜ አታባክኑ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተማ በዚያው ቀን ነው መሄድ ያለባችሁ። ሌላው ለእኔ ትልቁ ነገር የሕፃናት ነው።

ዮናስ፦ እዚያ ላይ ድርድር የለም። ሕፃን ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ በጀርባው ነው የሚተኛው። ፊቱ የሚሰምጥበት ለስላሳ ፍራሽ ትንፋሹን ሊያሳጣው ይችላል። ወፍራም ብርድ ልብስም፣ አሻንጉሊትም አጠገቡ አይኑር።

ሳምራዊት፦ ትራስስ?

ዮናስ፦ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው አያስፈልገውም።

ሳምራዊት፦ እንግዲህ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ያችን የምታምር ትንሽ ትራስ ተዉአትና ዳይፐር ግዙ።