ብረቱ ያልነካው ጥግ

(ጅማ፣ በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ በዚህ ግቢ ጭቃ አብረን የተንሸራተትን ጓደኞቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

አስተባባሪዎቹ «ስለ ዶክትሬትሽ አጠር አድርገሽ ንገሪን» ብለውኛል። ሰማዩም ጠቁሯል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ከወረደ ማይክም አያድነኝም፤ ቶሎ ልግባ።

ያጠናሁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ፍልስፍና ወደፊት ይራመዳል ወይ? ሕክምና ተራምዷል። ድሮ ሰው የሚጨርስ በሽታ ዛሬ በኪኒን ይድናል። ፍልስፍናስ? የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ፕላቶ ከ2,300 ዓመት በላይ በፊት የጠየቀውን ዛሬም እንጠይቃለን። ታዲያ የት ደረሳችሁ ነው ነገሩ።

ጥናቱን ስጀምር አንድ ቢሮ ፎርም አስሞላኝ። «የሚጠበቅ ውጤት፣ በቁጥር» ይላል። ባዶ ትቼ መለስኩት። ሰውየው እስክሪብቶውን አነሳ፣ በገዛ እጁ «1» ብሎ ጻፈ፣ ማህተሙን መታበት። አንዱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተናድጄ በቀጥታ አጎቴ መጋዘን ሄድኩ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ይኸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲገዛ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እየፈተሸ ነበር። ሹል የሆነውን፣ ቦይ ያለውን ብረት በጆንያው ጎን ይወጋል። ፍሬው በቦዩ ተንሸራቶ መዳፉ ላይ ይወርዳል። ያሸተዋል፤ አንዱን በጥርሱ ይሰብረዋል፤ ሌላ ጎን ይወጋል። ከላይ የሚታየውን ዞር ብሎም አያየውም።

«ጋሼ፣ እንቆቅልሽ ልንገርህ» አልኩት። አንድ ሻጭ ልጁን «ይህን ጆንያ ከመናኛው ክምር ሙላው» ይለዋል። ሊያታልል ነው። ልጁ ክምሩን ተሳስቶ ከምርጡ ይሞላዋል። አባት ይህን አያውቅም። እንደ ልማዱ ከላይ ሁለት እፍኝ ምርጥ ቡና ያለብሳል። ገዢው መጥቶ ላዩን ያያል፤ «ይህ ጆንያ ምርጥ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምርጥ ነው። ምክንያትም አለው፤ በዓይኑ አይቷል። ታዲያ ይህ ሰው አወቀ ይባላል?

አጎቴ ብረቱን ሳይነቅል «ምን አውቆ! ዕድል አወጣው እንጂ!» አለኝ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንዴ ቆም በሉልኝ። እውቀት ማለት እውነት የሆነና ምክንያት ያለው እምነት ነው የሚለው ፍቺ ሥሩ ፕላቶ ዘንድ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር እ.ኤ.አ. በ1963 በ3 ገጽ ጽሑፍ ይህ እንደማይበቃ አሳየ። የእሱ ምሳሌ ስለ ቡና አልነበረም፤ ኪሱ ውስጥ አሥር ፍሬ ሳንቲም ስላለው ሥራ ፈላጊ ነው። እኔ የእኛን አገር ጆንያ አለበስኩት እንጂ ነገሩ ያው ነው። እውቀት ምን እንደሆነ ዛሬም አልተስማማንም። ያንን የድሮ ፍቺ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን መጀመሪያ ለጆንያው መልስ መስጠት አለበት። በዚያ መንገድ ዝም ብሎ ማለፍ ቀርቷል። እኔ መራመድ የምለው ይህን ነው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ ደካሞችም አይደሉም። ዴቪድ ቦርጌትና ዴቪድ ቻልመርስ የተባሉ ፈላስፎች እ.ኤ.አ. በ2009 የሙያ ባልደረቦቻቸውን 30 ጥያቄ ጠየቁ። 931 መለሱላቸው። ሁሉ ነገር በተፈጥሮ ሕግ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆን እንኳ የሰው ነጻ ፈቃድ አብሮት ሊሄድ ይችላል ያሉት 59 በመቶ ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲደገም ያው 59 ገደማ። አንድ ጋት ፈቀቅ አላለም። ቻልመርስ በትልልቆቹ ጥያቄዎች ላይ ወደ አንድ መልስ አልተሰበሰብንም ይላል። እውነቱን ነው፤ አልክድም።

ነገር ግን! ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ «የተፈጥሮ ፍልስፍና የሒሳብ መርሆዎች» ነው። ፊዚክስ ከፍልስፍና ቤት ተድራ ወጣች። ሥነ ልቦናም ወጣች። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የሚሠራበት ሎጂክ ፈላስፎች ያረሱት ማሳ ነው። ልጆቿን ሁሉ ድራ ብቻዋን ስትቀር «መሀን ነሽ» ይሏታል! የልጆቿን ሚዛን ተሸክመው መጥተው «ውጤትሽን በቁጥር» ይሏታል!

(ውሃ ልጠጣ። ይቅርታ፣ ያ ማህተም ትዝ ሲለኝ ነው።)

የራሳችንንም ገበና ላንሳ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ጻፈው የሚባል «ሐተታ» የተሰኘ የፍልስፍና መጽሐፍ አለ፤ ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ድርሰት ነው አለ። ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ከ100 ዓመት በላይ «ማን ጻፈው?» እንላለን። ይጠየቅ፤ ተገቢ ነው። መጽሐፉ የሚያቀርበው ክርክር ያስኬዳል ወይ ብሎ የሚፈትሸውስ ስንት ነው? ጆንያው ላይ የማን ስም እንደተጻፈ እንጨቃጨቃለን፤ ብረቱን ያነሳ ጥቂት ነው።

ስለ ማስተማር ሁለት ነጥብ ነበረኝ፤ ይቅር። ሰዓቴ አልቋል።

ያን ቀን አጎቴ ብረቱን ነቀለና እኔው ላይ አዞረብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔስ ብሆን? ብረቱ ያልነካው ጥግ አለ። ስንቴ ብወጋው ነው አወቅኩ የምለው?» አለኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። አራተኛው ምዕራፌ የወጣው ከዚያ ነው።

ጋሼ፣ ቁርጡን አላገኘሁልህም። «ጆንያው እስከ ታች ካልተዘረገፈ እውቀት የለም» የሚለው ግን እንደማያስኬድ አሳይቻለሁ፤ እሱ ልክ ቢሆን ጅማ ላይ ቡና የሚገዛ ሰው አይኖርም ነበር። ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ስንወጣ እሰጥሃለሁ። አሁን ጀበናው ወርዷል መሰለኝ፤ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል።

አመሰግናለሁ።