የስልኩ ቁልፍ እኛ ጋ ይሁን
(ሐዋሳ ውስጥ ለድርጅት ባለቤቶችና ለወጣት የኮምፒውተር ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሆቴል፣ የክሊኒክና የትምህርት ቤት ባለቤቶች፤ ኮምፒውተር የተማራችሁ እህት ወንድሞቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሥራ ትታችሁ ከአቶቴም፣ ከፒያሳም፣ ከታቦር ሥርም ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአንዲት እህታችን ልጀምር። እዚሁ ከተማችን አንድ ሆቴል ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራለች። አንድ የክረምት ማታ መብረቅ ወረደና ማዞሪያው ሥራ አቆመ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ለእንግዳ የሚደወለው ሁሉ በእሷ ሞባይል ሆነ። ስልኩን ይዛ ደረጃ ትወጣለች። በር ታንኳኳለች። እንግዳው አውርቶ እስኪጨርስ ኮሪደር ላይ ትቆማለች። ከዚያ ትወርዳለች። እኔ ልጠግን ስሄድ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን አውልቃ ነው ያገኘኋት።

የተቃጠለው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። ያ ካርድ ግን ከገበያ ጠፍቷል። የቀረውን በሌላ መንገድ እንዳናስተካክለው ፓስወርዱ ያለው ማዞሪያውን ከገጠመው ሰው ጋር ነው። ሰውየው ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ባለቤቱ በገንዘባቸው የገዙት ዕቃ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። የድርጅታችሁ ስልክ ቁልፉ እናንተ ጋ መሆን አለበት።

ይቻላል ወይ? ከ25 ዓመት በላይ ሲቻል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ትንሽ የኮምፒውተር ድጋፍ ድርጅት ከፈተ። ማዞሪያ አስፈለገው፤ ዋጋው ግን ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ስለዚህ ማዞሪያውን ራሱ በሶፍትዌር ጻፈው። ስሙን አስቴሪስክ አለው፤ ስልካችሁ ላይ ያለችው የኮከብ ምልክት ስም ነው። ከዚያ ኮዱን ለሁሉም ከፈተው። ማንም ይጭነዋል፣ ያነበዋል፣ ይቀይረዋል። ዛሬ ሌሎችም አሉ። ፍሪስዊች አለ፤ በጣም ብዙ ጥሪ ለሚያስተናግዱ ካማይሊዮ አለ። ኮድ መንካት ለማይፈልግ ደግሞ ፍሪፒቢኤክስ አለ፤ አስቴሪስክን በብሮውዘር ታዙታላችሁ።

አሠራሩን ላስረዳ። ሶፍትዌሩ የተጫነበትን ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩን፣ መዝገብ እንደያዘ የማዞሪያ ሠራተኛ ቁጠሩት። እያንዳንዱ ስልክ ሲበራ "እኔ 204 ነኝ፤ ያለሁት እዚህ አድራሻ ላይ ነው" ብሎ ይመዘገባል። 101 ወደ 204 ሲደውል ሰርቨሩ መዝገቡን አይቶ ያገናኛል። ይህ መጠራሪያ ሲፕ ይባላል። ድምፁ የሚሄደው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ አርቲፒ በሚባለው። የሁለቱን መለያየት ያዙልኝ፤ ብዙ ቴክኒሺያን እንቅልፍ የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ ከዚያ "ሃሎ! ሃሎ! አይሰማኝም!" ይባላል። አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም። ጥሪው ደርሷል፤ ድምፁ ግን መንገድ ጠፍቶበታል። ሰርቨሩ ውጭ ላለው ስልክ የሰጠው የግቢውን የውስጥ አድራሻ ነዋ! አዲስ አበባ ላለ ሰው "ከሱቁ ጀርባ ነኝ" እንደማለት ነው። ለሰርቨሩ የውጭ አድራሻውን ንገሩት። ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚል፣ በሲፕ መልእክት ውስጥ ያለውን አድራሻ የሚቀይር ሴቲንግ ካገኛችሁ አጥፉት። ብዙውን ጊዜ በዚህ ይፈታል።

ኔትወርኩ አያስጋችሁ። አንድ ጥራት ያለው ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ቢወስድ ነው። የግቢያችሁ ገመድ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሚያስጋው መብራት ነው። የድሮው መደበኛ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ መስመር ስለነበር መብራት ሄዶም ይሠራል። አዲሱ አይሠራም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ ግድ ነው፤ ለሰርቨሩ ብቻ ሳይሆን የኔትወርክ ገመዶቹ ለሚገናኙበት ስዊችም። ስልኮቹ ኃይላቸውን በኔትወርክ ገመዱ እንዲያገኙ ካደረጋችሁ አንድ ዩፒኤስ ሁሉንም ይይዛል።

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ስቶር ውስጥ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ነበር። እሱን አጽድተን ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሲስተምና አስቴሪስክን ጫንንበት። ከመደበኛው መስመር ጋር የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ሳጥን ተገዛ። የክፍሎቹን አሮጌ ስልኮች አልጣልንም፤ ወደ ኔትወርክ በሚቀይር መሣሪያ አገናኘናቸው። እህታችን ከታች ሆና 204ን ደወለች። ላይ ጮኸ። "ውይ!" ብላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከዚያ ቀስቃሽ ጥሪ ጨመርንላቸው። አስቴሪስክ ላይ ቀላል ነው። "ለ204 ደውል" የሚል ትንሽ ፋይል ትጽፋላችሁ፣ የፋይሉን ሰዓት ወደፊት ታደርጋላችሁ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ይደውላል። አንድ የማለዳ በረራ ያላቸው እንግዳ "11 ሰዓት ላይ ቀስቅሱኝ" አሉ። እህታችን 11 ብላ መዘገበች። ሰርቨሩ የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደወለ። አውሮፕላኑ ሄዷል፤ ሰውየው ተናደዱ፤ እሷ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ በእኛ ሰዓት የማያስብ መሣሪያ የሰጠናት እኛ ነን። ኮዱ ክፍት ስለሆነ በአንድ ከሰዓት አስተካከልነው። አሁን "ሌሊት ነው ቀን?" ብሎ ይጠይቃል፤ ስድስቱን ሰዓት ራሱ ያሰላል። ዝግ ማዞሪያ ቢሆን ኖሮ ለማን አቤት እንል ነበር?

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። "ለአማርኛ 1ን ይጫኑ" የሚለው ድምፅ ተራ የድምፅ ፋይል ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጋችሁ፣ ጥሩ አንደበት ያለው ሰው አምጥታችሁ ትቀዳላችሁ። በአማርኛ፣ በሲዳሙ አፎ፣ በአፋን ኦሮሞ። ቁጥር አጠራሩንም በራሳችሁ ቋንቋ ሕግ ታዙታላችሁ። ከገጠር ልጃቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ የሚደውሉ እናት በገዛ ቋንቋቸው ሲስተናገዱ አስቡት። ለእኔ ከዋጋው በላይ ይኼ ይበልጥብኛል።

አሁን ስለራሴ ጥፋት ልናገር። አንድ ቢሮ ውስጥ ለሙከራ ብዬ ቁጥሩ 100 የሆነውን ስልክ ፓስወርድ 100 አደረግሁት። ረሳሁት። ሰርቨሩ ደግሞ በ5060 ፖርት፣ ሲፕ በተለምዶ በሚገባበት በር፣ ለኢንተርኔት ክፍት ነበር። ይህን ፖርት ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰው አይደሉም፣ አይደክሙም። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ገቡ። እስኪነጋ ድረስ ሰምተነው ወደማናውቀው አገር ሲደውሉ አደሩ። ሂሳቡ ሲመጣ ግማሹን ከኪሴ ከፈልኩ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ፓስወርዱ ረጅምና የማይገመት ይሁን። የውጭ አገር ጥሪ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይከፈት። ከቤት የሚሠራ ሠራተኛ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መንገድ፣ ይግባ። ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ የሚዘጋ ፌይልቱባን የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ጫኑት። የማስተዳደሪያ ገጹንም ለኢንተርኔት አታጋልጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦገስት ላይ ገጻቸውን ክፍት የተዉ የፍሪፒቢኤክስ ሰርቨሮች በዚሁ ቀዳዳ ተጠቅተዋል። ማሻሻያ ሲወጣ ቶሎ ጫኑ።

ሕጉንም እወቁት። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ቀልድ አያውቅም። የውጭ አገር ጥሪን ፈቃድ ያለውን ኦፕሬተር አልፎ በጓሮ ማስገባት ወንጀል ነው። "ሲም ደርድርና ትርፉን እንካፈል" የሚላችሁ ካለ ሽሹ። ከውጭ መስመር ጋር የምትገናኙት ከኦፕሬተሩ ጋር በውል ይሁን። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣንን ጠይቁ።

ባለቤቶች ሆይ፣ ማንም ሲገጥምላችሁ ፓስወርዱን በወረቀት ተቀበሉ፤ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት። የሴቲንጉን ቅጂ በፍላሽ ውሰዱ። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ሳትጠየቁ ስጡ። ደንበኛ በቁልፍ ታስሮ ሳይሆን በሥራችሁ ተማርኮ ይመለስ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያ የሆቴሉ ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ስልክ አለ። ኬብሉን እየነቀላችሁ ሞክሩት። 300 ብትደውሉ በሲዳሙ አፎ የቀዳነው ድምፅ ይመልስላችኋል። አንድ ቃል ላይ አጠራሩ ልክ አይደለም ብለውኛል። ቋንቋው የአፍ መፍቻችሁ የሆነ ኑና አስተካክሉልኝ፤ ማይክሮፎን ይዣለሁ፣ አሁኑኑ እንቀዳዋለን።