ነሐሴ ላይ የሚጠብ ስንጥቅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ መኝታ ቤቴ ግድግዳ ስንጥቅ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ቤታችን ሲኤምሲ አካባቢ ነው። ፎቅ የሌለው የብሎኬት ቪላ። በገባን በሁለተኛው በጋ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ ቀጭን መስመር አየሁ። ልስኑ ነው ብዬ በጀሶ ደፈንኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ክረምት ሲገባ ደግሞ በሩ አልዘጋ አለ። አናጺ ጠርቼ አስላግኩት። በጋ ሲመለስ በሩ ላላ፣ ስንጥቁም ተመልሶ መጣ። ያውም ሳንቲም የሚያስገባ ሆኖ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምደፍነው ቤቱን ለመጠገን አልነበረም። እንግዳ እንዳያይብኝ ነው። ስንት ዓመት የተቆጠበበት ቤት ተሰነጠቀ ብሎ ማን ያወራል?

ነገሩን የገለጠው አባቴ ነው። ለሕክምና ከጎጃም መጥቶ እኛ ጋ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ጓሮ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን አፈር በእጁ ፈረፈረው።

"ይኼ ዋልካ አይደል እንዴ?"

"ነው።"

"እና ዋልካ ላይ ቤት ሠራህ?"

ደንግጦ አይደለም፤ ገርሞት ነው። በእኛ መንደር ቤቶቹ ያሉት ጉብታው ላይ፣ ድንጋያማው ቦታ ነው። ሜዳው ዋልካ የጤፍና የሽምብራ ነው። እዚያ ቤት መሥራት ለማንም አይታሰበውም። አዲስ አበባ ስትሰፋ ግን በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በለቡ፣ በአቃቂ በኩል የሄደችው ወደዚያው ወደ እርሻው ነው።

ዋልካን ሸዋ መረሬ ይለዋል፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ የከብት እግር እስኪይዝ ይሰነጠቃል። ወንጌሉ ቤቱን አሸዋ ላይ ስለሠራው ሰነፍ ሰው ይናገራል። እኔማ አሸዋ በሆነልኝ! አሸዋ ቢያንስ አያብጥም።

ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ወዳጄን ጠራሁ። ከጓሮው አፈር ወስዶ አደረቀው፣ አደቀቀው፣ ነፋው። 10 ሚሊ ሊትር ለክቶ ውሃ ባለበት ረጅም መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረው። በማግስቱ አፈሩ 20 አልፏል። እጥፍ! እኔ ደግሞ ቤቱ ቀላል ስለሆነ መሬቱ አይጎዳውም ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ተቃራኒው ነው። ከባድ ሕንፃ አፈሩን ተጭኖ ይይዘዋል፤ እንደ እኔ ያለውን ቪላ ግን አፈሩ ያነሳዋል። የሰፈራችን አጥሮች ለምን እንደ ሰካራም እንደሚያዘነብሉም የገባኝ ያኔ ነው።

እኩል ቢያነሳውስ ባልከፋ ነበር። ቤቱ እንደ ጀልባ አብሮ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የእኔ ቤት ግን በወጥ ቤቱ በኩል እጣቢ ይደፋል፤ ለካ የማጠቢያውም ቧንቧ ከመሬት በታች ያንጠባጥብ ነበር። እዚያ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እንደጠገበ ነው። በመኝታ ቤቱ በኩል ደግሞ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ቆሟል፣ በጋ ያለችውን እርጥበት ይመጥጣል። አንዱ ጫፍ ቆሞ ሌላው ሲሰምጥ ግድግዳው መሃል ላይ ተቀደደ።

መጀመሪያ ያማከርኩት ፎርማን መሠረቱን ዙሪያውን ቆፍረን ቀይ አሽ፣ ያንን ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ እንሙላ ብሎኝ ነበር። ወዳጄ ሰምቶ ሳቀ። "ገንዳ ልትሠራ ነው? ውሃው በቀይ አሹ ገብቶ ዋልካው ላይ ይተኛል።" ባሕር ዛፉንስ ላስቆርጥ? እሱንም ከለከለኝ። ዛፉ ሲጠጣ የኖረው ውሃ እዚያው ይቀርና አፈሩ ያብጣል። ቅርንጫፉን ብቻ በየጊዜው አስመልምል አለኝ። ጎረቤቴን ያንን ለማስፈቀድ የጠጣሁትን ቡና አትጠይቁኝ።

ዋናው ምክሩ ግን ስንጥቁን አትድፈነው የሚል ነው። በጋ ሲከፈት በሲሚንቶ ከሞላሁት ክረምት መጠጊያ ያጣል፤ ሊዘጋ ሲል ግድግዳውን በሌላ ቦታ ይገፋዋል። ስለዚህ በስንጥቁ ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት አድርጌ በየወሩ መለካት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓመት መጋቢት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ነሐሴ ላይ 2። ሁሉንም እዚያው ግድግዳው ላይ እጽፋለሁ። እንግዳ መጥቶ ያነባል፣ እኔም አስረዳለሁ። ማፈሩ እንዴት እንደተወኝ አላውቅም።

እስካሁን የሠራሁት ብዙ አይደለም። ቧንቧው ተቀየረ። አሸንዳው ውሃውን ግድግዳው ሥር ከመልቀቅ ወደ ቦይ ዞረ። በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ሜትር ተኩል የሚሆን ሲሚንቶ ተነጠፈ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ስንጥቁ 3 ሆነ። አሁን ነሐሴ ነው፣ ትናንት ማታ ለካሁት፤ 2 ነው። ወዳጄ ገና አንድ ዓመት እንይ ይላል።

አባቴ እሁድ እሁድ ይደውላል። መጀመሪያ ስለ ልጆቹ ይጠይቃል። ቀጥሎ፣ ስለ ታመመች ላም እንደሚጠይቅ ሰው፣ "እሱስ? ስንጥቁ እንዴት ሰነበተ?" ይለኛል።