አልተነሳችም፦ ከእናቴ ጋር ሥዕል ማየት

እንደምን አመሻችሁ። ውድ ወላጆች፣ መምህራን፣ እዚያ በር ላይ የቆማችሁ ወንድሞች፣ እባካችሁ ግቡ፣ ወንበር አለ።

እንደሰማችሁት የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹን ዲሲ ይዞ ሊሄድ ነው። ወደ ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። የሚያዩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎችን ነው። ኮሚቴው «ወላጆቹን አንተ አስረዳልን፤ ‹ሥዕል ምን ያደርጋል፣ ሂሳብ አይሻልም ወይ› የሚሉ አሉ» አለኝ። ማን እንዳለ አልናገርም። ፊት ለፊቴ ነው የተቀመጠው።

አይዞህ፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። ታክሲ ስነዳ የዚያ ሕንፃ ደጃፍ ደንበኛ መጠበቂያዬ ነበር። ትልልቅ ምሰሶዎቹን እያየሁ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ሰው ይመጣል፣ እሄዳለሁ። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። መግቢያው ነጻ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የቁስለኞች ሆስፒታል እንደነበር፣ በ1865 ደግሞ ሊንከን ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ሲፈጽም የደስታው ግብዣ እዚያው እንደተደረገ ያወቅሁት በኋላ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንደናገር።

ያስገባችኝ እናቴ ናት። ልትጠይቀን ከጎንደር መጥታ፣ ሐምሌ ላይ፣ ያ የዲሲ ሙቀት ሲያነድ ከተማውን ላሳያት ወጣን። «ልጄ፣ እግሬ አልቻለም፣ ጥላ ቦታ አስቀምጠኝ» አለች። ኤሲ ያለው፣ ገንዘብ የማይጠየቅበት ቦታ ፍለጋ ነው የገባነው። እውነቱ ይኸው ነው።

እናቴ ሥዕል ታውቃለች። ያደገችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብ ነው። ቀና ስትል ጣሪያውን የሞሉት መላእክት ያዩዋታል። ለእሷ ሥዕል ማለት የሰው ፊት ነው። ሕግም አለው፦ ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ይቀርለታል። ይህን ሕግ ይዛ ነው አሜሪካኖቹ ፊት የቆመችው።

መጀመሪያ ያስቆማት የአልበርት ቢርስታት ሥዕል ነው። በ1868 የተሣለ፣ የካሊፎርኒያን የሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚያሳይ፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ የሚያክል ነገር። ደመናው ተሰንጥቆ ብርሃን ይወርዳል። ታች ውሃ አለ፣ ውሃው ዳር አጋዘኖች። እናቴ ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች።

«የስሜን ተራራ ነው እንዴ?»

አይ እማዬ፣ ካሊፎርኒያ ነው።

«ታዲያ ሰዉ የት ሄደ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ቢርስታት ይህን ሥዕል የሠራው ሮም ተቀምጦ ነው። አንድ ቦታ ቆሞ የቀዳው ሳይሆን ካየው ካየው አገጣጥሞ የፈጠረው ተራራ ነው። ሰውየው ራሱ ጀርመን ዞሊንገን ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ነው አሜሪካ የመጣው። የዚያን ዘመን የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች አባት የሚባለው ቶማስ ኮልም እንግሊዝ ቦልተን የተወለደ ነው። ቶማስ ሞራንም እንደዚሁ፣ ያችው ቦልተን! ሞራን በ1871 ከአጥኚዎች ጋር የሎውስቶን ሄዶ ያመጣቸው ትንንሽ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ኮንግረሱ ቦታውን ብሔራዊ ፓርክ እንዲያደርገው ረድተዋል፤ ትልቁን ሥዕሉንም ኮንግረሱ በ10,000 ዶላር ገዛው። እና «አሜሪካ እንዲህ ውብ ናት» ብለው ለአሜሪካኖች ያሳዩት እንደኛ መጤዎች ነበሩ። ልጆቹ ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ግን የእናቴ ጥያቄ አልተመለሰም። ሰዉ የት ሄደ? በ1851 የማሪፖሳ ሻለቃ የሚባል የታጠቀ ኃይል እዚያው ሴራ ኔቫዳ ውስጥ ወዳለው ዮሰሚቲ ሸለቆ ገብቶ ነባሮቹን አዋኒቺዎችን አባረረ፣ የክረምት ቀለባቸውን አቃጠለ። ሥዕሉ የተሣለው ከዚያ 17 ዓመት በኋላ ነው። አጋዘን ብቻ የሚኖርበት ገነት፣ እንግዲህ፣ እንዲህ ነው የተገኘው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያንን ብርሃን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ይቆረቁራል።

አሁን ወደ ትንሿ ሥዕል ልምጣ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለእሷ ነው።

የዊንስሎው ሆመር ናት፣ 1876። ከቢርስታት አጠገብ ቢሰቅሏት አትታይም፤ ወርዷ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሳሎናችሁ ካለው ቲቪ ታንሳለች። ስሟ «የቀድሞዋ እመቤት ጉብኝት» ነው። ሆመር በጦርነቱ ጊዜ ለሳምንታዊ መጽሔት ግንባር እየሄደ ይሥል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሷል። አዎ፣ እኛ ኪራይ የምንከፍልባት ቨርጂኒያ።

ጨለም ያለች ጎጆ ናት። በቀኝ በኩል ጥቁር የለበሰች ነጭ ወይዘሮ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ። ድሮ ባሪያዎቿ አድርጋ ያዘዘቻቸውን ሴቶች ልትጠይቅ መጥታ ነው። በግራ ሦስት ጥቁር ሴቶች አሉ፤ አንዷ ሕፃን ይዛለች። ማንም አይስቅም። ማንም እጁን አልዘረጋም። በመካከላቸው ባዶ ቦታ አለ፣ ሆመር ሆን ብሎ የተወው።

እናቴ ዝም ብላ አየች፣ አየች፣ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ።

«አልተነሳችም!»

ማን?

«ያቺ የተቀመጠችው። እመቤቲቱ ገብታለች፣ እሷ አልተነሳችም።»

ከሦስቱ አንዷ ወንበር ላይ ናት። እኔ እኮ አላየሁትም ነበር! እኛ ቤት ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ይባላል። «ኖር!» ይባላል፣ «በእግዜር» ይመለሳል። ልጅ ሆኜ ሳልነሳ የቀረሁ ቀን የደረሰብኝን ቁንጥጫ እናቴም አትረሳውም፣ እኔም አልረሳውም። ስለዚህ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናቴ አስረጂ አላስፈለጋትም። ከአስራ ጥቂት ዓመት በፊት ያቺ ሴት በዚያች ወይዘሮ ፊት ተቀምጣ ብትገኝ ምን ይደርስባት እንደነበር ገባት። አሁን ነጻ ናት። ነጻነቷን በንግግር አልገለጸችም። ከወንበሯ ባለመነሳት ገለጸችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ አላድርም። ዊሊያም ሎሪንግ የሚባል ሰው ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነት እንዳይቀር ለተዋጋው ለደቡቡ ጦር ጄኔራል የነበረ። ከተሸነፉ በኋላ ለግብፁ ገዥ ለከዲቭ እስማኤል ተቀጠረ። እና በዚያው በ1876 የግብፅ ጦር ጉራ በተባለው ቦታ በአፄ ዮሐንስ ጦር ሲመታ፣ የጦሩ ኤታማዦር ሹም ሎሪንግ ነበር። ሥዕሏና ጉራ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ይህን ያወቅሁ ቀን ታክሲዬ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጭብጨባውን ግን ቆይ፣ አትቸኩሉ። እናቴ ሥዕሏ ፊት ሌላም ነገር ብላ ነበር። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «አያቴ ቤትም ነበሩ። እነሱም አይቀመጡም ነበር።» ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኩም። የእኛ አገር ባርነትን በአዋጅ ያስቀረችው በ1942 ነው። ጉራን ስናነሳ ይህንንም እናንሳ፣ ልጆቹ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።

ያው 1876 ፊላዴልፊያ ላይ የአገሪቱ መቶኛ ዓመት ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበረ። ኤድዋርድ ባኒስተር የሚባል ጥቁር ሠዓሊ፣ እሱም ካናዳ ተወልዶ የመጣ፣ «ከዋርካዎቹ ሥር» ልንለው በምንችል ሥዕል የመጀመሪያ ደረጃ ሜዳሊያ አሸነፈ። እውነት መሆኑን ሊያጣራ ሲሄድ ግን «ይሄ ምን ፈልጎ መጣ» በሚል ዓይን ነው የተቀበሉት። ባለሥዕሉ እሱ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ያ ሥዕል ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ሌሎች ብዙ ሥራዎቹ ግን ያሉት በዚሁ ሙዚየም ነው። ታክሲ የነዳ ሰው ያንን ዓይን ያውቀዋል። ዝርዝሩን ልተወው።

እናቴ ጎንደር ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆናት። ስደውል ስለ ኋይት ሀውስ አንስታ አታውቅም። «ያቺ ልጅ እንደተቀመጠች ናት?» ትለኛለች።

እንግዲህ ስለ ቅዳሜ። ሙዚየሙ የሚከፈተው 11፡30 ነው፣ በእኛ ከረፋዱ 5፡30። የሀበሻ ቀጠሮ አይደለም፣ አደራ። በሜትሮ ለምትመጡ ጋለሪ ፕሌስ ውረዱ። መኪና ይዤ እመጣለሁ የምትሉ ፓርኪንጉ ኪስ ያራግፋል፣ ምክሬን ስሙ። ሁሉንም ክፍል ካላዳረስን ብላችሁ ልጆቹን አታሯሩጧቸው። ሆመር ጋ ስትደርሱ ደግሞ «አልተነሳችም» ብላችሁ እንዳትነግሯቸው። ዝም በሉ፣ እስቲ ማን ቀድሞ እንደሚያያት እናያለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።