ፖሽ የመርከብ ቲኬት አይደለም

(ለንደን ውስጥ ለሚሠሩ የአማርኛ አስተርጓሚዎች ዓመታዊ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንኳን በሰላም ተገናኘን።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የእንግሊዝና የአሜሪካ የአራዳ ቃላት፣ ትርጉማቸውና መነሻቸው» ይላል። ትርጉሙን ወደ ማብቂያው ላይ በጥቂቱ እነካዋለሁ። የመጣሁት ለመነሻው ነው። በየስልጠናው የሚታደለን፣ ሁላችሁም ፋይል ውስጥ ያለው ያ የአራዳ ቃላት ወረቀት፣ ከላይ እስከ ታች በፈጠራ መነሻ ታጭቋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፖሽን፣ «የሀብታም፣ ሽክ ያለ» የሚለውን ቃል፣ እንውሰድ። ወረቀቱ እንደሚለው፣ ፒ ኤንድ ኦ በሚባለው ኩባንያ መርከብ ወደ ህንድ የሚሄዱ ባለጸጎች ሲሄዱ የግራውን፣ ሲመለሱ የቀኙን ጎን ክፍል ይይዙ ነበር፤ ፀሐይ የማይበረታበት የሰሜኑ ጎን ስለሆነ። «ፖርት አውት፣ ስታርቦርድ ሆም» የሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ቲኬቱ ላይ ታተሙና ፖሽ ተባለ ይሉናል። የፀሐዩ ስሌት ልክ ነው። የጠፋው ቲኬቱ ነው! እነዚያ አራት ፊደሎች የታተሙበት አንድም ቲኬት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ በጽሑፍ መታየት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ የለንደን ሌቦች ፖሽ የሚሉት ግማሽ ፔኒን፣ አለፍ ሲልም ገንዘብን ነበር። በሮማኒ፣ ማለትም ጂፕሲ ሲባል በኖረው በሮማ ሕዝብ ቋንቋ (የሮም ከተማ ሰዎች አይደሉም)፣ ፖሽ ግማሽ ነው። የዛሬው ትርጉም ከዚህ ለመምጣቱ የተቆረጠ ማስረጃ የለም፤ ግን ይህኛው ቃል ቢያንስ በሰው አፍ ነበረ።

ቲፕም፣ ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ጉርሻ፣ እንዲሁ ነው። በቡና ቤት ሳጥን ላይ «ቶ ኢንሹር ፕሮምፕትነስ»፣ ቶሎ እንድንስተናገድ፣ ተብሎ ተጽፎ ነበር ይባላል። ቲፕ ግን በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሌቦች ቋንቋ «መስጠት፣ ማቀበል» ማለት ነበር። ኮፕ ደግሞ «ኮንስተብል ኦን ፓትሮል»፣ ቅኝት ላይ ያለ ፖሊስ፣ አይደለም፤ ኮፕ ማለት መያዝ፣ ኮፐር ያዥ ማለት ነው፣ ሰው የሚይዘው ፖሊስ። ሌላው የፖሊስ መጠሪያ ቦቢ ግን እውነት አለው፤ በ1829 የለንደንን ፖሊስ ካቋቋሙት ከሮበርት ፒል የመጣ ነው፣ ሮበርት ሲቆላመጥ ቦቢ ስለሚባል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ቻቭ፣ የድሃ ወጣት መስደቢያ። ወረቀታችን «ካውንስል ሀውዝድ ኤንድ ቫዮለንት»፣ በካውንስል ቤት፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው ቤት፣ የሚኖር ጠበኛ ብሎ ይተነትነዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካውንስል ቤት ያሳደገው ስንት ሰው ተቀምጧል? ቃሉ የሮማኒ ነው፤ ቻቮ ልጅ ማለት ነው። የሮማ እናት ልጇን የምትጠራበት ቃል ወደ ስድብ ተለወጠ፤ ያ አልበቃ ብሎ ለስድቡ የፊደል ማብራሪያ ተፈለሰፈለት፤ እኛ ደግሞ ማብራሪያውን በፎቶኮፒ አባዝተን ለጀማሪ አስተርጓሚ እናድላለን! አካሄዱን ልብ በሉ። የሮማው ቃል ለመርከብ ባለጸጋ ይሰጣል፤ የሌባው ቃል ለቡና ቤት ጌታ ይሰጣል። የድሃው ሲሆን ብቻ ከነስድቡ ለድሃው ይተውለታል። ይህ የቃል ጥናት አይደለም፣ የባለቤትነት ነጠቃ ነው።

«ኦኬስ የፊደል ምህጻር አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነው። ልዩነቱ ማስረጃ ያለው መሆኑ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች ቃላትን ሆን ብለው በተሳሳተ ፊደል ጽፈው ማሳጠር እንደ ቀልድ ይዘውት ነበር። «ኦል ራይት»ን በኦ እና በደብልዩ ያሳጥሩት ነበር። መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት «ኦል ኮሬክት»ን፣ ሁሉም ትክክል ነው የሚለውን፣ በኤ እና በሲ ፈንታ በኦ እና በኬ አሳጥሮ አወጣው። «ትክክል» የሚለው ራሱ ተሳስቶ መጻፉ ነበር ቀልዱ። እንደ ሌሎቹ በዚያው በሞተ ነበር። በ1840 ግን ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን ዳግም ለመመረጥ ተወዳደሩ። የትውልድ ከተማቸው ኪንደርሁክ ስለነበረ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሏቸው፤ ሁለቱ ፊደሎች ገጠሙና ደጋፊዎቹ ኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ተቃዋሚዎቹም ፊደሎቹን እየተረጎሙ ያፌዙባቸው ገቡ። ሰውየው ተሸነፉ፣ ቃሉ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፣ ከቾክቶ፣ ቋንቋ ነው፣ ከስኮትላንድ ነው፣ ከሄይቲ ወደብ ነው ሲባል ኖሮ፣ አለን ዎከር ሪድ የተባሉት ምሁር የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጠው በ1963 እና በ1964 ባወጧቸው ጽሑፎች ክርክሩን ዘጉት። ቀን አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ የቀልዱ ባለቤቶች አሉ።

ስለዚህ ወረቀቱን የምታዘጋጁ፣ እዚሁ ስላላችሁ ልናገረው፤ ከየቃሉ ጎን በጽሑፍ የታየበትን የመጀመሪያ ዘመንና የተናገረውን ሕዝብ ጻፉ። እንደ ቃል የሚነበብ ምህጻር የተበራከተው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ከዚያ ለሚቀድም ቃል የፊደል ትንታኔ ሲቀርብላችሁ ተጠራጠሩ። ዘመኑንና ሕዝቡን ካላገኛችሁ «መነሻው አልተረጋገጠም» በሉ፤ አያሳፍርም።

የኮክኒ ግጥም ቃላትን በአጭሩ። የምሥራቅ ለንደን ሰዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምረው የሚጠቀሙበት ነው። የሚፈለገውን ቃል ቤት የሚመታ ሐረግ ይፈለጋል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ቤት የሚመታው ክፍል ይጣላል። «ቡቸርስ ሁክ» ከሉክ ጋር ይገጥማል፤ ሁክ ተጥሎ ቡቸርስ ብቻውን «አየት ማድረግ» ይሆናል። «ሎፍ ኦፍ ብሬድ» ከሄድ ጋር፤ «ሎፍህን ተጠቀም» ማለት ጭንቅላትህን አሠራ ነው። «ፖርክ ፓይስ» ከላይስ ጋር፤ ምስክሩ «ፖርኪስ» ካለ ስለ ውሸት እንጂ ስለ አሳማ ሥጋ አያወራም። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ሰሙ ተጥሎ ወርቁ ብቻ ሲቀር አስቡት፤ እዚህ ግን የሚጣለው ቁልፉ ነው፣ በግምት አይደረስበትም።

በገንዘብ፦ ኩዊድ ፓውንድ ነው፣ ሲበዛም ኩዊድ ይባላል እንጂ ኩዊድስ አይባልም። ፖኒ 25፣ መንኪ 500 ፓውንድ። የአሜሪካው ባክ ዶላር ሲሆን፣ የአጋዘን ቆዳ እንደ ገንዘብ ይመነዘርበት ከነበረው የ18ኛው መቶ ዘመን ንግድ የመጣ ነው ይባላል።

የመጨረሻው፣ ፖሊስ ጣቢያ ለምትሠሩ። ፒስድ። አሜሪካዊ «ፒስድ ነበርኩ» ካለ ተናድጄ ነበር ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊ ካለ ሰክሬ ነበር ማለቱ ነው። ተጠርጣሪው መኪና ሲነዳ የተያዘ ከሆነ፣ አንዱ ስለ ስሜቱ ማውራት ነው፣ ሌላው ወንጀል ማመን። ዋሽንግተን ያደገ ሀበሻ ለንደን ውስጥ በእንግሊዝኛ ይህን ካለ፣ ቃሉ ከመመዝገቡ በፊት ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠየቅልኝ ብላችሁ ለመርማሪው ንገሩ። አስተርጓሚ ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ገምቶ መሙላት ግን አይፈቀድለትም።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ፤ የቀሩትን ቃላት በሻይ ሰዓት እንነጋገርባቸው። አመሰግናለሁ።